መብራት ሲመለስ ማን ይነሳል? የቤት ሰርቨር ሊኑክሶች ግምገማ

ለቤት ሰርቨር የትኛው ሊኑክስ ይሻላል የሚለው ክርክር በአብዛኛው የሚካሄደው መብራት በማይጠፋበትና ዳታ በማይቆጠርበት አገር ባሉ ሰዎች መካከል ነው። የሚጨቃጨቁትም የማን ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አዲስ ነው፣ የማን ማከማቻ (ፕሮግራም የሚወርድበት ቋት) ብዙ ፕሮግራም አለው እያሉ ነው። እኔ ያለሁት ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለአንድ ዲስትሮ (ተዘጋጅቶ ለሚጫን የሊኑክስ ዓይነት) ነጥብ የምሰጠው በሁለት ጥያቄ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል ወይ? ከዚያስ በወር ምን ያህል ዳታ ይበላብኛል? ሌላው ሁሉ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ፍርዴን የምትመዝኑት በማሽኑ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ላስተዋውቃችሁ። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፤ ኮር አይ5 ሦስተኛው ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ለሲስተሙ 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ለፋይል 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ። ሞኒተርም ኪቦርድም የለውም፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ከራውተሩ ጎን ተቀምጧል። የቤተሰቡ ፎቶ እሱ ላይ ነው። ፊልምና መዝሙር በጄሊፊን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስተላልፋል። ልጆቹ ደግሞ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያነባሉ። የእንግሊዝኛው ሙሉው ከነፎቶው 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሚይዝ ያለው ሰው ጋ ሄዶ በሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው የሚያዋጣው። የአማርኛው ግን ትንሽ ናት፤ በስልክ ዳታም ትወርዳለች። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን ቤታችን ውስጥ ከኔ በላይ የሚከበረው ይህ ሳጥን ነው።

ዲስትሮ ከማውረዳችሁ በፊት ሁለት ነገር አስተካክሉ፤ ሁለቱም ከሊኑክስ ጋር ግንኙነት የላቸውም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ ኤሲ ሪከቨሪ የሚለውን ፓወር ኦን ላይ አድርጉት። ካላደረጋችሁት መብራት ሲመለስ ማሽኑ ጠፍቶ ይቀራል፤ ምንም ዓይነት ዲስትሮ ብትጭኑ ለውጥ የለውም። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ቀይሩ። ባገለገለ ኮምፒውተር ላይ ይህች ባትሪ ብዙውን ጊዜ አልቃ ነው የምትገኘው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ የሚመጣው መልእክት ግራ ያጋባል። አፕት (ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም የሚያወርደው ትዕዛዝ) የማከማቻው ፋይል ጊዜው ገና አልደረሰም ብሎ አላወርድም ይላል፤ ኤችቲቲፒኤስ የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ ሰርተፍኬቱ ልክ አይደለም ይላል። ሰው ኬብልና ራውተር ሲጎረጉር ይውላል፤ ጥፋቱ ያለው ሰዓቱ ጋ ነው። ዴቢያን ላይ ሲስተምዲ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) መጨረሻ ያወቀውን ሰዓት ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ ከዚያ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ኢንተርኔት ሲያገኝም ያስተካክላል። ኢንተርኔቱ አብሮ ከጠፋ ግን ሰርቨሩ ትናንትን ዛሬ ነው ብሎ ይቀጥላል። ባትሪዋን ቀይሩ።

አሁን ወደ ዴቢያን። ቤቴ ያለው እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ኢያን መርዶክ በ1993 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን ባለቤት ኩባንያ የለውም፤ በፈቃደኞች ነው የሚሠራው። ኡቡንቱም ሆነ ራስበሪ ፓይ ላይ የሚጫነው ሲስተም ከእሱ የወጡ ናቸው። እዚህ የማወራበት እትም 13ኛው፣ ትሪክሲ የሚባለው፣ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ማለትም በፈረንጆቹ ኦገስት 2025 የወጣው ነው።

የዴቢያን ስቴብል ጠባይ ይህ ነው፦ አንዴ ከወጣ በኋላ የፕሮግራሞቹን ስሪት አይቀይርም። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ባለው ስሪት ላይ ጥገናውን ይለጥፍበታል እንጂ አዲሱን ስሪት አያመጣም። ውጭ አገር ይህን ያረጀ ሶፍትዌር ብለው ያሾፉበታል። እኔ የማየው በዳታ ሒሳብ ነው። ዴስክቶፕ ያልተጫነበት ዴቢያን ላይ ያለው ፓኬጅ (ተጠቅልሎ የሚወርድ ፕሮግራም) ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ ደግሞ የሚለወጠው ጥቂቱ ነው። ከርነል ካልመጣ በቀር በሳምንት የሚወርደውን አላስተውለውም።

መጫኛው ኔትኢንስት የሚባለው ከ1 ጊጋባይት በታች ነው። ገመድ አልባ ካርድና መሰል ዕቃዎች የሚፈልጉት ፈርምዌር ከ12ኛው እትም ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ፣ ድሮ በሌላ ፍላሽ ፈልጎ ማምጣት የሚባለው ጣጣ ቀርቷል። ሲጫን ግን ሁለት ቦታ ላይ ዓይናችሁን ግለጡ። የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) የይለፍ ቃል ሲጠይቃችሁ ባዶውን አልፉት። ባዶ ከተተወ ሱዶን (የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያውሰውን ትዕዛዝ) ራሱ ጭኖ የእናንተን ስም ያስገባላችኋል፤ ከሞላችሁት ግን ሱዶ የለም፣ ሱዶ ብላችሁ ስትጽፉ እንደዚህ ያለ ትዕዛዝ አላውቅም ይላችኋል። ሁለተኛው መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው ምን ልጫንልህ የሚለው ገጽ ነው። እዚያ የዴስክቶፑን ምልክት አንስታችሁ ኤስኤስኤች ሰርቨር (ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ መግቢያ) የሚለው ላይ ብቻ አድርጉ። ዴስክቶፑን ከተዋችሁት ሞኒተር ለሌለው ማሽን ጌም ሳይቀር ሲያወርድ ትከፍላላችሁ።

ዴቢያንን ከምወድበት ምክንያት ትልቁ ብዙ ሰው የማያወራው ነው። ማከማቻው በነባሪ የሚወርደው በተራ ኤችቲቲፒ ነው፤ የፓኬጁ እውነተኛነት የሚረጋገጠው በፊርማ ስለሆነ በዚህ የሚጎድል ነገር የለም። ኤችቲቲፒ በመሆኑ ግን አፕት ካሸር ኤንጂ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ጭናችሁ ቤት ያሉትን ላፕቶፖች በእሱ በኩል እንዲያወርዱ ማድረግ ትችላላችሁ። አንዱ ማሽን ያወረደውን ሌላው ከቁም ሳጥኑ ላይ ይወስዳል። የባለቤቴ ላፕቶፕም የኔም ዴቢያን ስለሆኑ ቤታችን ከርነል የሚገዛው አንዴ ነው። ኡቡንቱም ላይ ይሠራል፤ ስናፕ (የኡቡንቱ ሌላው የፕሮግራም ማውረጃ) የሚያወርደውን ግን አያስቀምጥም፣ ወደሱ እመጣለሁ።

አፕት በራሱ ዝርዝሩን የሚያድስበት ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ በነባሪ ከንጋቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ተነስቶ እስከ ግማሽ ቀን ድረስ በዘፈቀደ የሚዘገይ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ካመለጠው ከተነሳ በኋላ ያሟላል። ይህ በእኛ ቤት ትርጉሙ መብራት ከመጣ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ስልኩን ሊያይ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ሰርቨሩ ማውረድ ሊጀምር ይችላል ማለት ነው። የሌሊት የዳታ ፓኬጅ የሚገዛ ሰው ቆጣሪውን ወደ ሌሊት ያዛውረው፤ ዘፈቀደውንም ዜሮ ያድርገው። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስትፈልጉ የምትጽፉት 2 ነው።

አንድ ምሽት ከርነል እየተጫነ እያለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ በቀድሞው ከርነል ተነሳ፤ ዴቢያን አዲሱን ሲጭን የሚሠራበትን አያጠፋውም። ገብቼ አፕት ስለው ሥራው መቋረጡን ነግሮኝ የሚቀጥልበትን የዲፒኬጂ ትዕዛዝ ራሱ ጻፈልኝ። እሱኑ መልሼ ስጽፍለት ከቆመበት ተነስቶ ጨረሰ። ኤክስት4 የሚባለው የዲስኩ የፋይል ሥርዓትም ጆርናሉን (የሥራ መዝገቡን) አይቶ ለማጽዳት ጥቂት ሰከንድ ነው የወሰደበት። ዩፒኤስ ያለው ሰው ደግሞ ከዴቢያን ማከማቻ ነት የሚባለውን ጭኖ በዩኤስቢ ያገናኘው፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ በሥርዓት ይዘጋል። ዩፒኤስ ለመግዛት ኪሱ የማይፈቅድለት ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ይፈልግ፤ ባትሪው እስካለ ድረስ ዩፒኤሱ ውስጡ ነው።

ዴቢያን እንከን የለውም አልልም። 13ኛው እትም ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ቴምፕ የሚባለውን ማኅደር ከዲስክ አውጥቶ ራም ላይ አስቀምጦታል፤ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ይወስዳል። 32 ጊጋባይት ላለው ሰው ምንም አይደለም። 8 ጊጋባይት ላይ ግን ትልቅ ዚፕ እዚያ ስትፈቱ ጄሊፊን ሲያቃስት ትሰማላችሁ። ቴምፕ ማውንት የሚባለውን አገልግሎት ማስክ ካደረጋችሁት (እንዳይነሳ ከዘጋችሁት) ወደ ዲስክ ይመለሳል፤ እኔ ያደረግኩት ያንን ነው። ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የፋይል ሥርዓት የሚፈልግ ሰውም ዴቢያን ላይ ይንገላታል፤ ከርነል በተለወጠ ቁጥር ሞጁሉ እዚያው ማሽኑ ላይ እንደ አዲስ መሠራት አለበት፣ በድሮ ፕሮሰሰር ደግሞ ቡና ተፈልቶ አቦሉ እስኪጠጣ ያስጠብቃል።

አማርኛውን ሳልነካ ባልፍ ደስ አይለኝም። የዴቢያን መጫኛ አማርኛ አለው፤ ግን በግራፊክ ስታስነሱት ብቻ ነው ከዝርዝሩ የሚታየው። እኔ የምጭነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስህተት ሲመጣ መልእክቱን ፈልጌ መፍትሔ የማገኘው በእንግሊዝኛ ስለሆነ። ከተጫነ በኋላ ግን ሞኒተር ሰክታችሁ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የአማርኛ ፋይል ስም ስታዩ ሳጥን ሳጥን ብቻ ከሆነባችሁ፣ ኮንሶል ሴትአፕ ውስጥ ለግዕዝ ፊደል የተሠራ ጎሃ የሚባል ፎንት ተቀምጦ እየጠበቃችሁ ነው። ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ለሚገባ ሰው ይህ አያስፈልግም፤ ፊደሉን የሚስለው የሚገባበት ኮምፒውተር ነው።

ሰው የሚያማርርበት ሌላው ጉዳይ የፋይል ስም ርዝመት ነው። ከቴሌግራም የወረደ መዝሙር ስሙ የዘማሪው፣ የመዝሙሩ፣ የቻናሉ፣ አንዳንዴም የበዓሉ ስም ተደራርቦበት ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ ችግር የለበትም፤ ወደ ሰርቨሩ ስትገለብጡት ግን ስሙ ረዝሟል ብሎ ይመልሰዋል። ምክንያቱም ሊኑክስ የፋይል ስም የሚለካው በፊደል ብዛት ሳይሆን በባይት ነው፤ ጣሪያው 255 ባይት ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። ስለዚህ ለፈረንጁ 255 ፊደል የፈቀደው ለኛ 85 ብቻ ነው። ዲስትሮ በመቀየር የሚፈታ አይደለም፤ ኤክስት4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ ወይም ቢቲአርኤፍኤስ ያው ናቸው። የቻናሉን ስም ቆርጣችሁ ጣሉት።

ኡቡንቱ ሰርቨር። ሰርቨር ነክቶ ለማያውቅ ሰው ኡቡንቱን አልከለክልም። ኢንተርኔት ላይ ያለው መመሪያ አብዛኛው የተጻፈው ለእሱ ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ያንኑ ያየ ሰው አይጠፋም። ኤልቲኤስ የሚባለው እትም በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል ይወጣል፤ ድጋፉ 5 ዓመት ነው። ኡቡንቱ ፕሮ ላይ በነፃ ከተመዘገባችሁ ለግል ጥቅም እስከ 5 ማሽን ድረስ ወደ 10 ዓመት ይረዝማል። ዜድኤፍኤስም ተሠርቶ ነው የሚመጣው፤ ፎቶውን በሁለት ሃርድ ዲስክ አንጸባርቆ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ይህ ብቻውን ኡቡንቱን ሊያስመርጥ ይችላል።

የማይጥመኝ ሦስት ነገር አለው። አንደኛው የዲስክ አከፋፈሉ ነው። መጫኛው የሚያቀርበውን ዝም ብላችሁ ከተቀበላችሁ ኤልቪኤም (ዲስክ ከፋፋይ) ይጠቀምና ዲስኩን በሙሉ አይሰጣችሁም፤ መካከለኛ ዲስክ ላይ ግማሹን፣ ከ200 ጊጋባይት በላይ በሆነው ላይ ደግሞ 100 ጊጋባይት ብቻ ይመድባል። 1 ቴራባይት የጫነ ሰው ፎቶ መገልበጥ ጀምሮ ዲስኩ ሞላ ሲባል ሻጩን ይረግማል። ሻጩ ንጹሕ ነው፤ የቀረው ቦታ ሳይመደብ እዚያው አለ። የማከማቻ ገጹ ላይ መጠኑን እዚያው አስተካክሉት።

ሁለተኛው አነሳሱ ነው። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳል። ኡቡንቱ ኔትወርክ እስኪያገኝ ሁለት ደቂቃ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ሞኒተር ያልሰካ ሰው ይህን አያይም፤ የሚያየው ጄሊፊን አልከፍት ማለቱን ነው። ከዚያ ቁልፉን ተጭኖ ያጠፋዋል፣ እንደገና ያበራዋል፣ እንደገና ሁለት ደቂቃ። የኔትወርኩ ቅንብር በሚጻፍበት ኔትፕላን ፋይል ላይ ግንኙነቱ የግድ እንዳልሆነ የሚገልጽ አንድ መስመር ሲጨመር ይቀራል።

ሦስተኛው ስናፕ ነው። በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ይፈትሻል፤ ካገኘ ሳይጠይቅ ያወርዳል፣ የቀድሞውንም ለመጠባበቂያ ያስቀምጣል። ለቢሮ ጥሩ አሳብ ሊሆን ይችላል። በዳታ ፓኬጅ ለሚኖር ቤት ግን ሆድ አደር ነው። ሲጫን መጨረሻ ላይ የሚያቀርባቸውን ስናፖች አንዱንም አትምረጡ፤ የማትጠቀሙበት ከሆነ ስናፕን የሚያስኬደውን ስናፕዲን ራሱን አውጡት። ያን ካደረጋችሁ የሚቀራችሁ ዴቢያን ሊሆን ምንም ያልቀረው ነገር ነው፣ እኔም ከመጀመሪያው ለምን ዴቢያን አልጫንኩም ብዬ ጠይቄ ነው የተሻገርኩት።

አልማና ሮኪ ለድርጅቶች የሚሸጠው ሊኑክስ፣ የሬድ ሃት ዘመዶች ናቸው። በዲሴምበር 2020 ሬድ ሃት ሴንትኦኤስ 8 የሚባለውን ነፃ ቅጂውን በ2021 መጨረሻ አቆማለሁ ሲል ብዙ ሰው ሜዳ ላይ ቀረ፤ ሁለቱ የተወለዱት ከዚያ ነው። የሬድ ሃት ፈተና ለመውሰድ የሚዘጋጅ ወይም ባንክ ውስጥ ሲስተም አስተዳዳሪ ለመሆን የሚያስብ ሰው ቤቱ ይጫናቸው፤ እጁ ይለማመዳል። ለቤት ብቻ ከሆነ ግን ኤስኢሊኑክስ የሚባለው ተጨማሪ የፈቃድ ተቆጣጣሪያቸው ያደክማል። በሁለተኛው ዲስክ ላይ ያለ ማኅደር በሳምባ (በፋይል ማጋሪያው) ስታጋሩ ፈቃዱ ሁሉ ልክ ሆኖ እያለ ባዶ ይታያል፤ ማኅደሩ የሚፈልገው ሌላ የኤስኢሊኑክስ መለያ ነው።

እንደኔ ያለ ማሽን ላላችሁ ደግሞ ከዚህ በፊት የሚመጣ ችግር አለ። ሮኪ 10 የሚፈልገው ፕሮሰሰር ኤቪኤክስ2 የሚባለውን መመሪያ የሚያውቅ ነው፤ በኢንቴል በኩል ይህ የሚጀምረው ከአራተኛው ትውልድ ኮር ነው። ሦስተኛው ትውልድ ላይ አይነሳም። አልማ 10 ለድሮዎቹ ፕሮሰሰሮች ለብቻው የተሠራ ፋይል አለው፣ በዚህ ላመሰግናቸው ይገባል። ካልሆነ አልማ 9 እስከ 2032 እ.ኤ.አ. ድረስ ድጋፍ አለው። ያገለገለ ዴስክቶፕ የምትገዙ ሰዎች ሻጩ አይ5 ነው ብሎ ሲሸጥላችሁ ስንተኛው ትውልድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከጎኑ ያለው ቁጥር በ3 ሲጀምርና በ4 ሲጀምር ልዩነቱ ይህ ነው።

አልፓይን ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው፤ ተጭኖ ሲያልቅ ራሙ ላይ ያለበት አይመስልም። 2 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ማሽን አግኝታችሁ ፋይል ማጋራትና ማስታወቂያ መዝጋት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት እሱን ውሰዱ። የሚያናድደው ሌላው ሊኑክስ ከሚጠቀምበት ጂሊብሲ ይልቅ መስል የሚባለውን የፕሮግራሞች መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ስለሚጠቀም ለሌላው ሊኑክስ ተሠርቶ ያለቀ ፕሮግራም ስታመጡበት ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ እያያችሁት የለም ይላችኋል። በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ በሚያስኬደው) መሄድ ይቻላል፤ ግን ዶከር ውስጥ የሚወርደው ፎቶ አደራጅ ጊጋባይት የሚሆን ነው፣ ያኔ የአልፓይን ትንሽነት ምኑ ላይ ነው?

ፎቅ ላይ ያለ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የጎረቤት ልጅ አለ፤ ሳጥኑን ባየ ቁጥር፣

«ጋሼ፣ አርች ብትጭኑበት እኮ ይበራል።»

«አንተ ልጅ፣ በሳምንት ስንት ያወርዳል?»

«እሱማ... ዋይፋይ ካላችሁ ችግር የለውም።»

የካምፓስ ዋይፋይ ነው የሚያናግረው። አርች ሁሉንም ነገር ሁልጊዜ አዲስ የሚያደርግ ስለሆነ ለተወሰነ ጊዜ ከተዋችሁት ያከማቸውን አንድ ላይ ነው የሚያመጣው። ለመማሪያ ግሩም ነው፤ የአርችን ዊኪ ዴቢያን ላይም ሆኜ አነባለሁ። ፌዶራ ሰርቨርም ንጹሕ ሥራ ነው፤ አንዱ እትም ድጋፉ 13 ወር ገደማ ብቻ በመሆኑ በየዓመቱ ሙሉ ሲስተም ማደስ አለብኝ፣ እሱ ነው የመለሰኝ።

በሐሳቡ ደረጃ ከሁሉም የማረከኝ ኦፕን ሱሴ ማይክሮ ኦኤስ ነው። የሚሠራበትን ሲስተም አይነካም። አፕዴቱን በቢቲአርኤፍኤስ ሌላ ቅጂ ላይ ይሠራና ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ወደ አዲሱ ይሻገራል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ የተበላሸው ያልተነካው ቅጂ ሳይሆን ገና ያላለቀው ነው፤ ስትነሱ የትናንቱ ላይ ናችሁ። ለኛ አገር ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ግን መሠረቱ ተምብልዊድ ነው፣ እሱ ደግሞ እንደ አርች ሁሉንም ሁልጊዜ ያድሳል። መብራቱን ተቋቁሞ በዳታው ይወድቃል። ያልተገደበ መስመር ያላችሁ፣ መብራት ብቻ የሚያስቸግራችሁ ሰዎች ሞክሩት፤ እናንተ ጋ ዴቢያንን የሚበልጥ ይመስለኛል።

ፕሮክስሞክስና ትሩናስ ከቤት ሰርቨር ወሬ ውስጥ አይጠፉም። ሁለቱም ውስጣቸው ዴቢያን ነው። ትሩናስ 8 ጊጋባይት ራም እንደ መነሻ ነው የሚቆጥረው፤ ፕሮክስሞክስ ደግሞ ብዙ ማሽን በአንዱ ውስጥ ለማኖር ነው። 32 ጊጋባይት ሲኖረኝ እንነጋገራለን።

ከውጭ መግባትን በተመለከተ ዲስትሮው ለውጥ አያመጣም። የሞባይል መስመር ላይ ያለ ሰው የራሱ የሆነ የአደባባይ አይፒ ስለሌለው ከውጭ በቀጥታ ሊገባ አይችልም፤ ቴይልስኬል ወይም ውጭ አገር ባለች ትንሽ ሰርቨር ላይ የሚያልፍ ዋየርጋርድ (ሁለቱም የተመሰጠረ የግል መስመር ናቸው) ያስፈልጋል። ዋየርጋርድ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ስላለ እዚህ የጠቀስኳቸው ሁሉ አላቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ የልጆቹን ፎቶ የምታየው በዚህ ነው፤ ከኛ ወደ ውጭ የሚወጣው ፍጥነት ዝግ ስላለ ቪዲዮ ስትጠይቅ ግን አሁንም በቴሌግራም ነው የምልክላት።

ዴቢያን 12 ላይ ያላችሁ አትጣደፉ። መደበኛ ድጋፉ እስከ 2026 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው፤ ከዚያ የረጅም ጊዜው ድጋፍ እስከ ሰኔ 2028 እ.ኤ.አ. ይወስዳችኋል። ወደ 13 የምትሻገሩበትን ቀን ስትመርጡ ግን ማውረዱንና መጫኑን ለዩት፤ አፕት አውርድና አትጫን የሚባል አማራጭ አለው። ፓኬጆቹን በሌሊቱ ዳታ ሰብስቡ፤ በማግስቱ መብራቱ ደህና ሲመስል፣ ወይም ዩፒኤሱ ሞልቶ ሳለ፣ ከዲስኩ ላይ ጫኑ። የኔትወርክ ካርዱ ስም ከአዲሱ ከርነል ጋር ሊለወጥ ስለሚችል የመጀመሪያውን ዳግም መነሳት ሞኒተርና ኪቦርድ ሰክታችሁ አድርጉት፤ አለዚያ ሰርቨሩ ተነስቶ፣ ሁሉም ነገር ሠርቶ፣ እናንተ ብቻ መግባት ያቅታችኋል።